በጀት ያልደረሰበት ሰፈር

የበለዲያ ሰዎች ቀይ ቀለም ይዘው የመጡት ጠዋት ነው። በለዲያ የምንለው እዚህ የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ነው። እኔና ሦስት የወሎ ልጆች በሳውዲ ደቡብ፣ ከአቡ ዓሪሽ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። በሩ ሲንኳኳ ፖሊስ መስሎን ጓደኞቼ በጓሮ ግንብ ዘለው ጠፉ። እኔ ግን ሳልደርስባቸው ቀረሁ። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ቆመው የነበሩት ብሩሽ የያዘ አንድ ባንጋሊ፣ የባንግላዴሽ ሠራተኛ፣ እና ወረቀት የጠቀለለ አንድ መሐንዲስ ናቸው። ባንጋሊው በራችን ላይ አንድ ቃል ጽፎ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ስወጣ ቀለሙ ገና ይንጠባጠባል። «ኢዛላ» ይላል። ይነሣ፣ ይፍረስ ማለት ነው።

መሐንዲሱ ወረቀቱን መኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋው። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም ከሰው ትከሻ ኋላ ሆኜ አየሁ። ሰፊ መንገድ፣ የገበያ አዳራሽ፣ መናፈሻ ተስሎበታል። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሥራቸው የሚሄዱት ሰዎች ደግሞ ፊት የላቸውም። የግቢያችን ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ፣ ከእኛ ጋር አንድ ግንብ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታችን፣ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ እያንፏቀቁ፣ «የእኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ።

መሐንዲሱ ትንሽ ፈለገና፣ «ይኸው፣ ፏፏቴው ላይ» አላቸው።

«ሰፈሩ ውስጥ እኮ ውሃ የለም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር።

እውነት ለመናገር አብዛኛው ሰው አልከፋውም። ቤቶቹ ያረጁ፣ መንገዱም ለመኪና የጠበበ ነበር። ካሳ ይከፈላል ተብሏል፤ ወጣቶቹም አዲስ ሰፈር መግባት ናፍቀዋል። ፍሪጅና ፍራሽ የጫኑ ፒካፖች በተከታታይ ወጡ። የእኛም ልጆች ተበተኑ። አንዱ ባይሽ የምትባል ከተማ አጠገብ የሚያውቀው እርሻ ነበረውና ወደዚያ ሄደ። ሌላው አል-ሐርስ ተራራ ላይ የፍየል ጥበቃ አገኘ። ሦስተኛው፣ «ኸላስ፣ በቃኝ» ብሎ ራሱን ለፖሊስ ሰጠና ወደ አገር ቤት ተላከ። እኔም ባይሽ ለመሄድ ልብሴን ስሸክፍ ሽማግሌው በሩ ላይ መጥተው ቆሙ።

«አንተ ወዴት ነህ?»

«ባይሽ፣ ያ ዐም» አልኳቸው። ለታላቅ ሰው እንዲህ ነው የሚባለው፤ አጎቴ እንደማለት።

«ቆይልኝ። እኔን ልጄ ጂዛን ወስዶ ፎቅ ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው። ቤት ሰው ካጣ በሩም መስኮቱም ይሄዳል። የካሳ ገማቾቹ መጥተው ባዶ ግድግዳ ቢያዩ ምኑን ይገምቱታል? ኪራይ የለብህም፤ ቀለብህም በእኔ ነው።»

ኢቃማ የሌለው ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ማለቴ ነው፣ ጣሪያ ሲያገኝ ብዙ አይጠይቅም። ቆየሁ።

እስካቫተሩ ከገበያው በኩል ማፍረስ ጀመረ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ እየዋለ፣ አቧራው እንጀራ ልበላ ስል ጥርሴ ውስጥ ይንቀጫቀጭ ነበር። የሰው ቤት ሲፈርስ ያላየሁት ነገር አየሁ። መጀመሪያ የሚወጣው የውስጡ ቀለም ነው። አንዱ መኝታ ቤቱን ሮዝ፣ ሌላው አረንጓዴ ቀብቶት ኖሯል፤ ማንም እንግዳ ያላየው ግድግዳ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል። አንድ ቤት ውስጥ መስታወት እንደተሰቀለ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑን ወደ እኔ ጣሪያ ይወረውር ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ድምፅ ጠፋ። ማሽኑ ከእኛ መንገድ በፊት ያለውን ረድፍ ጨርሶ፣ አካፋውን መሬት ላይ አሳርፎ ቆሟል። ነገ ይመጣሉ ስል፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ ጫኝ መኪና መጥቶ ማሽኑን ይዞት ሄደ። አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያለው የመናዊ ስልኬን ቻርጅ ያደርግልኝ ስለነበር እሱን ጠየቅኩት።

«ሚዛኒያ» አለኝ፤ በጀት ማለቱ ነው። «የነዳጁ ዋጋ ወረደ። ከሪያድ ለየክልሉ ቁሙ፣ እንደገና አስቡ ተብሏል አሉ። ትልልቁ ሥራ አይቆምም። የሚቆመው የእኛ ዓይነቱ ሰፈር ነው።»

እኔም በአንድ በኩል ፍርስራሽ፣ በሌላ በኩል ባዶ ቤቶች ባሉበት መሐል ብቻዬን ቀረሁ። መብራቱ ቀድሞ ተቆርጧል። የውሃ ቦቴ መምጣት አቁሟል። ሰዎቹ ጥለዋቸው የሄዱ ድመቶች መጀመሪያ ሰሞን በየደጃፋቸው ተቀምጠው ባለቤቶቻቸውን ሲጠብቁ ይውሉ ነበር፤ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ወደ እኔ ግቢ ተሰበሰቡ። ለእነሱ በአማርኛ ማውራት ጀመርኩ። ከዚያ እነሱ በሌሉበትም ማውራት ጀመርኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያብድ ይመስለኝ ነበር። አያብድም። ዝም ብሎ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል።

እናቴ ስትደውል፣ «ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» ትለኛለች።

«ከሰፈር ሰው ጋር፣ እማ።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ናቸው።»

ትንሿ መስጊድ አልፈረሰችም። ኢማሙ ግን ወደ ሌላ መስጊድ ተዛውሯል፤ ድምፅ ማጉያውም መብራት ስለሌለ ዝም ብሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአሱር ሰላት ሲደርስ ምንጣፉን ልጠርግ ገባሁ። ጠርጌ ስጨርስ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሩ ላይ ቆምኩና እጄን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዛን አልኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኢቃማ የሌለው ሰው አይጮኽም። «ኑ ወደ ሰላት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ማንን ነው የምጠራው? ያም ሆኖ እስከ መጨረሻው አልኩት።

ልሰግድ ስነሣ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌው ናቸው። ቤታቸውን ሊያዩ በአሮጌ ፒካፓቸው ከጂዛን መጥተው ኖሯል።

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። «አዛንህ አበሻ አበሻ ይላል።»

አፍሬ አቀረቀርኩ።

«ምን ያሳፍርሃል? የመጀመሪያውም ሙአዚን፣ የነቢዩ አዛን ባይ፣ አበሻ ነበር። ያላ፣ ቅደምና አሰግደኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሱር ላይ ይመጡ ጀመር። ሁለት ሰው ከሆነ ጀመዓ፣ የጋራ ሰላት፣ ነው፤ ጎን ለጎን ቆመን እንሰግዳለን። ከሰላት በኋላ ከግቢያቸው ቁርቁራ ሥር ተቀምጠን ሻሂ እየጠጣን ወደ ፍርስራሹ በከዘራቸው እያመለከቱ ያሳዩኛል። «እዚያ አዋላጇ ነበረች። ይሄን ሰፈር ሁሉ እሷ ናት የተቀበለችው። ከጎኗ ዘንጋዳ ነጋዴው፤ ጠበኛ ነበር፤ ሲሞት ግን ሁሉም አለቀሰ።» እኔ የማየው የተቆለለ ጡብ ነው። እሳቸው ግን ሲናገሩ በር በር እያንኳኩ የሚሄዱ ይመስላሉ።

አንድ ቀን የቤት ባለቤቶች ማዘጋጃ ቤት ተጠሩ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ደግፌ እንዳስገባቸው ጠየቁኝ። «ያ ዐም፣ እኔን እዚያ? ቢይዙኝስ?» ብላቸው፣ «ከእኔ ጋር ነህ» አሉ። ደግፌያቸው ገባሁ። በዚያ ሁሉ ኮሪደር ግን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሽማግሌ የሚደግፍ ሰው ከዘራ ነው፤ ከዘራን ወረቀት አምጣ የሚል የለም።

ያነጋገራቸው ሹም ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

«ዕቅዱ አልተሰረዘም፣ ያ ዐም» አለ። «ገንዘቡ ነው የተገፋው። ዘንድሮ ቀንሱ ተብለናል፤ የሚመጣውንም ዓመት ምን እንደሚሆን የሚነግረን የለም። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። የፈረሰው ቦታ ላይ መናፈሻውን እንሠራለን። የእርስዎ መንገድ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው።»

«ሁለተኛው መቼ ነው?»

«በጀት ሲፈቅድ።»

«እንግዲያው ቤቴን ጠግኜ ልግባበት። መብራቴን መልሱልኝ።»

«አይቻልም። ኢዛላ ለተጻፈበት ቤት የጥገና ፈቃድ አይሰጥም።»

«ካሳውስ?»

«ካሳ ሲፈርስ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ሹሙ ጠጋ አሉ። «ቤቴ አልፈረሰም፣ ቆሟልም አይባልም» አሉ። «ታዲያ እኔ የት ነው ያለሁት?»

ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የእናቴ ቤት ከእርስዎ መንገድ ጫፍ ላይ ነው፤ ሰማያዊው በር» አለ ቀስ ብሎ። «እሷም ይህንኑ ነው በየቀኑ የምትጠይቀኝ።» ከዚያ ሻሂ አዘዘልን፤ ለእኔም ጭምር።

ሰማያዊውን በር አውቀዋለሁ። ከበስተኋላው ያለው የፉል አበባ፣ ጃስሚን የሚሉት፣ ማንም ውሃ ሳያጠጣው፣ ግንቡን ተሻግሮ አብቦ ነበር። ልነግረው ፈለግኩ። ግን በማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት እዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው የለም፤ የሌለ ሰው ደግሞ አበባ አያይም። ሻሂዬን ጠጣሁ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ሽማግሌው ወደ ጂዛን አልዞሩም። «ወደ ቤት» አሉ። የዚያኑ ዕለት የገመድ አልጋቸውን ከዕቃ ቤቱ አውጥቼ ቁርቁራው ሥር ዘረጋሁላቸው። ብርዱም ሙቀቱም የማይጎዳበት ወቅት ነበር። ከየመናዊው ሱቅ በጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ፤ ሩዝና ዓሣ እሠራለሁ፤ እሳቸው ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ይላሉ። የሚቆጣኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጃቸው ሲሰማ እየበረረ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። እግራቸው ሥር ተቀምጦ፣ «አባዬ፣ በፍርስራሽ መሐል፣ ያለ መብራት! ሰው ምን ይለኛል?» አላቸው።

«ሰው የታለና ነው የሚልህ?» አሉት።

ሳያስበው ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ድስቱን የማጥብ መስዬ ራቅሁላቸው። ከዚያ በኋላ እየመጣ ከሚስቱ የተላከ ምግብ ያደርስልን ነበር።

በጋው ሲገባ ነገሩ ተበላሸ። የጂዛን ሙቀት እርጥብ ነው፤ ፊት ላይ እንደተጣለ ጨርቅ ያፍናል። በዚያ ላይ የአቧራው ነፋስ ከፍርስራሹ ላይ እያነሣ ያመጣብን ጀመር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሽማግሌው ትንፋሽ አጠራቸው። ለልጃቸው ደወልኩ፤ እሱ ለአምቡላንስ ደወለ። ልጃቸውም አምቡላንሱም እኩል ደረሱ፤ አምቡላንሱ ግን በጡብ ክምሩ ማለፍ አልቻለም። እኔና ልጃቸው ከነገመድ አልጋቸው አንሥተን፣ በሰዎች መኝታ ቤት፣ በሰዎች ማድ ቤት ፍርስራሽ ላይ እየተደናቀፍን እስከ አስፋልቱ ተሸከምናቸው። አስፋልቱ ላይ የትራፊክ ፖሊስ መኪና ቆሞ አየሁ። አልጋውን አሳርፌ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ደህና ሁኑ እንኳ አላልኳቸውም።

ተረፉ። ሐኪም ግን ከእንግዲህ ከቤት አይውጡ አለ። አንድ ጊዜ በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ።

«ፎቅ ላይ ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። «ከታች ሰው እንደ ጉንዳን ይሄዳል፤ አንዱንም አላውቀው። አንተ እንኳ ሰፈር ውስጥ ነህ።»

«አዎ፣ ያ ዐም» አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ መጣ መሰለኝ፣ ግሬደር መጥቶ ፍርስራሹን ደለደለው። ሣር ተነጠፈ፤ መብራት ተተከለ፤ የልጆች ዥዋዥዌ ቆመ። ፏፏቴ አልነበረም። ማምሻውን ቤተሰቦች ፔርሙዝና ምንጣፍ ይዘው እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። እኔ ጣሪያዬ ላይ ተጋድሜ አያቸዋለሁ። ሳቃቸው ይሰማኛል፤ የሚበሉትም ይሸተኛል። መብራቱ የእኛ መንገድ አፍ ላይ ደርሶ ያቆማል። ፍርስራሽ መሐል ሳለሁ ያልተሰማኝ ብቸኝነት ያኔ አጥንቴ ገባ። ለካ ማንም በሌለበት ብቻን መሆን ቀላል ነው።

መናፈሻው ዓይን አመጣ። ዘበኛው አንድ ቀን ጀሪካን ይዤ ሲያየኝ፣ «አንተ ማነህ? ከየት ነው የወጣኸው?» አለኝ። የየመናዊው ባለሱቅ ዘመድ ነኝ ብዬ አመለጥኩ። ለሽማግሌው ልጅ ስነግረው፣ «ሂድ፣ ወንድሜ። እዚያ ብትያዝ እኔም ላድንህ አልችልም። ቤቱ እንደሆነ በጀት እስኪመጣ የሚነካው የለም» አለኝ። ለመጨረሻ ጊዜ አሱርን ብቻዬን ሰገድኩ። ለድመቶቹ የተረፈውን ሩዝ በሰፊ ሳህን ገለበጥኩላቸውና ወጣሁ።

ባይሽ እርሻው ላይ የድሮ ጓደኛዬ አቅፎ ተቀበለኝ። ከእሱ ጋር ሌሎችም የወሎ ልጆች ነበሩ። ማታ ከአንድ ትሪ ከበን ስንበላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ይቀልዳል፤ ይሰዳደባል። እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔም በልቤ እመልስላቸውና ጮክ ብዬ የመለስኩ ይመስለኛል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ እጁን ከትሪው አንሥቶ፣ «አንተ፣ ምላስህንም በለዲያ አፈረሰው እንዴ?» አለኝ።

ትሪውን የከበበው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እነሱ ጨርሰው ወሬያቸውን ከቀጠሉ በኋላ።