ከታንከሩ አናት የወረድኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ቤቴ መጣ። ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ባለው የነዳጅ ዴፖ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ ጫማዬን በር ላይ ካላወለቅሁ ብሎ የሚሟገት ትሑት። ታንከሮቹ ላይ አዲስ መሣሪያ ሊገጥሙ ስለሆነ፣ ድሮ እንዴት ትጠብቋቸው እንደነበር ይንገሩኝ ሊለኝ ነው የመጣው። ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን አሳየኝ። ጣሪያው ቢያጋድል፣ ውሃ ቢቋጥር፣ ትነቱ ቢበዛ መሣሪያው ቢሮ ድረስ እንደሚናገርና ሰው ከእንግዲህ እዚያ ላይ መውጣት እንደማያስፈልገው አስረዳኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘርግቶ፣ "እናንተ ታዲያ በምን ነበር የምትከታተሉት?" አለኝ።

"በዓይንና በድምፅ" አልኩት።

ልጁ ይህንኑ ጻፈ። ሌላም ብዙ ጠይቆኝ፣ መልሼለት፣ አመስግኖ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ባለቤቴ ጨጓራህ ነው ትለኛለች። ጨጓራዬ ቢሆን እንዴት በታደልኩ።

ነቀምቴ የመጣሁት ሃያ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ዕጣ አውጥተው ወደዚህ መደቡኝ። አውቶቡሱ አኖ ላይ ለምሳ ሲቆም ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየቀጠቀጠው ነበር፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የሚለኝን መስማት አቅቶኝ ዝም ብዬ ራሴን እነቀንቅለት ነበር። ከሰሜን ሸዋ የመጣሁ የደረቅ ብርድ ልጅ ነኝና የወለጋ እርጥበት ግራ አጋባኝ። በወሩ አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ጫማ ሻገተ። ኦሮምኛ አንድ ቃል አልችልም። እናቴ ስትሸኘኝ፣ የሰው አገር ነው የምትሄደው፣ ለቅሶ እንዳይቀርብህ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ እንዳትቀመጥ ብላ ደጋግማ መክራኛለች። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ፍርሃት እንግዲህ ከቤቴ ቋጥሬው የመጣሁት ስንቅ ነው። ሌላው ስንቄ በመንገድ ሲያልቅ እሱ ብቻ አላለቀም።

ዴፖው ላይ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰው ሥር ተመደብኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ትውልዳቸው ኡኬ ነው። ታንከሮቹን ከተተከሉበት ጊዜ ጀምሮ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ፈገግታቸው በጢማቸው ሥር አድርጋ ታልፋለች እንጂ፣ ጥርሳቸው ታይቶ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ምሳ ሲልኩላቸው ለእኔም ማካፈል የጀመሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው። አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥር መጀመሪያ የቀመስኩት ከእሳቸው ሳህን ላይ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤ ታሽቶ። ድንች መስሎኝ ነበር። ኦቦ ገመቹ ድንች ማለቴን እንደ ስድብ ቆጥረው ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ለማያውቅ ሰው ስለ ታንከሩ ላስረዳ። የትልቁ ቤንዚን ታንከራችን ጣሪያ እንደ ቤት ጣሪያ ከላይ የተደፋ አልነበረም። ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፍ ሰፊ የብረት ክዳን ነው። ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይላል፤ ሲጎድል አብሮት ይወርዳል። በክዳኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ጎማ ይዘጋዋል። የዝናቡ ውሃ መሃል ላይ ባለች ቀዳዳ ገብቶ በቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ቀዳዳዋን ቅጠል ከደፈናት ውሃው ይቋጠርና ክዳኑ ያጋድላል፤ ሲብስም ይሰምጣል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ቤንዚን ሰማይ ሥር ተከፍቶ ይቀራል፤ አንድ የእሳት ብልጭታ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

የእኛ ሥራ በየቀኑ በታንከሩ ውጫዊ ደረጃ አናቱ ድረስ ወጥቶ ክዳኑን ከላይ ማየት ነበር። ማጽዳት ሲያስፈልግ ደግሞ አንዱ በውስጥ መሰላል ክዳኑ ላይ ይወርዳል፣ ሌላው አናቱ ላይ ገመድ ይዞ ይቆማል። ክዳኑ ዝቅ ባለ ጊዜ መውረድ ክልክል ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ነፋስ በማይደርስበት በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከላይ የቆመው ሰው በየጥቂት ጊዜው እታች ያለውን መጣራት አለበት። እኔ "ጅርቱ?" እላለሁ፣ አሉ ወይ ማለት ነው። እሳቸው "ጅራ" ይላሉ፣ አለሁ። የመጀመሪያዋ ኦሮምኛዬ ይህች ነበረች።

አንድ ቀን ገመዱን እየጠቀለልኩ ሳለሁ እንደ ልማዳቸው ሳያዩኝ የተናገሩትን ዛሬም ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

"ቤንዚን ሰውን ሲገድል መጀመሪያ ያስቀዋል። እታች ያለው ሰው ሲስቅ ከሰማህ፣ ምንም ይበልህ ምን አትስማው። ገመዱን ሳብ። አባትህም ቢሆን።" ደግሞ ጨመሩ፤ "ከወደቀም ተከትለህ አትውረድ። ሁለት ሬሳ ለማውጣት አራት ሰው ነው የሚሞተው።"

ነገሩ የሆነው በመስከረም ነው፤ እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሳይደርስ። ሌላው አገር ሰማዩ ሲጠራ ወለጋ ዝናቡን ገና አልጨረሰም። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ቦቴዎቹ ከመጡ ሰንብተዋል፤ ስለዚህ ታንከሩ ጎድሏል፣ ክዳኑም እታች ወርዷል። ጠዋት ወጥተን ስናይ ክዳኑ ላይ ኩሬ ተኝቷል። አጥሩ ዳር የተተከሉት ባሕር ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው ቀዳዳዋን ደፍነዋታል፤ ክዳኑ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ጀምሯል። ኃላፊያችን አዲስ አበባ ነው። ትነት መለኪያው ባትሪው አልቆ፣ አዲስ ከተጠየቀ ወራት አልፎታል።

በዚያው ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፍቶ ነበር። የሞቱት ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ የኦቦ ገመቹ የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ከኡኬ አብረው የመጡ፣ አንድ ቤት ተከራይተው የኖሩ። ኦቦ ገመቹ ቀብሩ ላይ መገኘት ነበረባቸው። ግን ከምሥራቅ ጥቁር ደመና እየተጫነ መጣ። አንድ ዝናብ ቢጨመርበት ክዳኑ እንደሚሰምጥ ሁለታችንም አውቀነዋል። ምሳ ቀርቦ፣ የዓመቱ የመጀመሪያው አንጮቴ ነበር፣ ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም አሉ። ሕጉን ያስተማሩኝ ሰው ሕጉን ሲጥሱ ምን ልበል? ልጅ ነኝ፣ እንግዳ ነኝ፤ ተከትያቸው ደረጃውን ወጣሁ።

ገመዱን ወገባቸው ላይ አሥረው ወረዱ። እኔ አናቱ ላይ ቆሜ ተጣራሁ። "ጅርቱ?" "ጅራ።" በእጃቸው ቅጠሉን ሲዝቁት ይታየኛል። ቀዳዳዋ ተከፈተችና ውሃው እየተንደቀደቀ መውረድ ጀመረ። ደስ አለኝ። "ጅርቱ?" "ጅራ።"

ዋይታው የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ በዴፖው አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። ዞሬ ሳይ ቀብርተኛው መንገዱን ሞልቶት ይመጣል፤ ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጭቃውን እየረገጠ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ከሬሳውም በላይ፣ ሰማይ ጥግ ቆሜያለሁ። አንዳንዱ ቀና ብሎ አየኝ። በልቤ የሚሉትን ሁሉ አልኩላቸው፤ ይህ የሸዋ ልጅ ሬሳችን ሲያልፍ እንደ አውራ ዶሮ ማማ ላይ ቆሞ አየን። ፊቴ ጋለ።

ዋይታው እታችም ደርሷል። "ዲንሳ ነው?" አሉኝ ኦቦ ገመቹ። አዎ አልኳቸው።

"ውረድ፣ ኢልመ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "በእኔ ፈንታ ቁምለት። ከላይ ሆነህ አትየው፣ ነውር ነው።"

ገመዱን ከብረቱ መደገፊያ ጋር አሥሬ ወረድኩ።

አጥሩ ሥር ቆቤን አውልቄ፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። ቀብርተኛው ብዙ ነበርና አልፎ ለማለቅ ጊዜ ወሰደ። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው የማለት ዓይነት። ኮራሁ። የዚያች ኩራት ጣዕም እስካሁን አፌ ውስጥ አለ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ካለፉ በኋላም ጥቂት ቆየሁ፤ ቶሎ ዘወር ማለት ያሳፍራል ብዬ።

ደረጃውን ወጥቼ "ጅርቱ?" አልኩ። መልስ የለም። ዝቅ ብዬ አየሁ። ጎማው አጠገብ በጎናቸው ተኝተዋል፤ አንድ እጃቸው የቀረው ውሃ ውስጥ ነው። ጮኽኩ። ገመዱን ሳብኩ፤ ከባድ ሰው ናቸው፣ ክዳኑም ሩቅ ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ዘበኞቹና የመሙያው ሠራተኞች ሮጠው መጡ። ገመዱ መሰላሉ ላይ ተጠላልፎ አስቸገረን። ለአራት ጎትተን ስናወጣቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። በፒካፕ ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ዓይናቸውን ከደነው።

ተከትዬ አልወረድኩም። ከሁሉ ሕግ ያቺን አከበርኩ።

የኦቦ ዲንሳ ድንኳን ሳይፈርስ የኦቦ ገመቹ ለቅሶ እዚያው ተቀመጠ። ሬሳቸውን በማግስቱ ኡኬ ወስደን በዝናብ ቀበርናቸው። ከዚያ አጣሪዎች መጡ። እንድወርድ ያዘዙኝ እሳቸው መሆናቸውን ነገርኳቸው፤ ጻፉት፤ ፈረምኩ። ማንም አልወቀሰኝም። የበላይህ ሲያዝህ ምን ታደርጋለህ አሉኝ።

አዴ ጫልቱ ከሰልስቱ በኋላ አስጠሩኝ። የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር አሉኝ። በእኔ ፈንታ ቁምለት ብለውኛል አልኳቸው።

"ገመቹ እንዲህ ነው" አሉ። "ሞት አጠገቡ ቆሞ እንኳ ሰው ነው ያሰበው። አንተም ቆምክለት። ተባረክ፣ ኢልመ ኮ።"

ይህ ከሆነ እንግዲህ ዕድሜ አለፈ። እዚሁ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ኦሮምኛውንም ከልጆቼ ጋር ተማርኩት። በየዓመቱ መቃብራቸውን ለማየት ኡኬ እሄድ ነበር፤ መንገዱ እንደ ልብ አላስኬድ ካለ ወዲህ ያም ቀርቷል። አዴ ጫልቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ያንን የመጨረሻ ቃል ግን ለሚያገኙት ሁሉ ይናገሩታል። የልጅ ልጆቻቸው በቃላቸው ያውቁታል። በየመስከረሙም የዓመቱን የመጀመሪያ አንጮቴ በቅቤ አሽተው ለእኔ ይልኩልኛል፤ በባላቸው ፈንታ ለቆመው ልጅ። እኔም እበላለሁ። ስንት መስከረም በላሁ!

ትናንት የዘንድሮው መጣ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ቅቤው ረግቷል። እጄ አልዘረጋ አለኝ።

ለአጣሪዎቹ፣ ለአዴ ጫልቱ፣ ለሚስቴም ሳልነግር ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ኦቦ ገመቹ "ነውር ነው" ብለው ሲጨርሱ ሳቁ። ጥርሳቸው ታይቶ አያውቅም ያልኳችሁ ሰው፣ የወንድማቸውን ያህል የሚወዱት ሰው ሬሳ እያለፈ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ኪ፣ ኪ፣ ኪ ብለው ሳቁ። ያዘዘኝ እንግዲህ ኦቦ ገመቹ አልነበሩም፤ ቤንዚኑ ነው። አዴ ጫልቱ ዕድሜ ልካቸውን የተጽናኑበት ቃል የባላቸው መሆኑን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ጊዜ ለራሴ፣ እያለቀሱ ነው፣ የትልቅ ሰው ለቅሶ ሳቅ ይመስላል አልኩት። እግሬ ግን ቀድሞ ደረጃው ላይ ነበር። ሰዎቹ እያዩኝ ነበራ።

ያ ወጣት መሐንዲስ ሊሄድ ሲነሳ፣ አዲሱ መሣሪያ ቢኖራችሁ ኖሮ ሥራው ይቀልላችሁ ነበር፣ ሰው የማይሰማውን ሁሉ ይሰማል ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው አልኩት። በር ድረስ ሸኘሁት፤ ጫማውን እስኪያስር ቆሜ ጠበቅሁት።

እኔ ግን ሰምቼ ነበር።