በመዝገቡ ኅዳግ የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት ለምሳ ድንች እየላጥኩ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር። አንድ ሐኪም፣ የደም ዓይነት በቫይረስ የተያዘን ሰው ሕመም ያከብድ ወይም ያቀልል እንደሆነ ምሁራን እየመረመሩ መሆናቸውን ያስረዳሉ። ቢላዋዬን አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ ጥያቄ እኔን በሃያ ዓመቴ ጭቃ ለጭቃ አንከራትቶኛል።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ዳንግላ ጤና ጣቢያ በድሬሰርነት፣ በሐኪም ረዳትነት፣ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ነሐሴ ላይ፣ ከእንጅባራ ወዲያ ባለ አንድ መንደር የወፍ በሽታ ገባ ተባለ። ዓይን ቢጫ ያደርጋል፣ ሽንት ያጠቁራል፤ አብዛኛው ሰው ሰንብቶ ይነሳል፣ አንዳንዱ ግን ይሞታል። አለቃዬ ጤና መኮንኑ አቶ መኩሪያ አገውኛ ስለማያውቁ እኔን ይዘውኝ ሄዱ።

እስከ እንጅባራ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በፈረስ ነበር። ዝናቡ ቀርከሃውን መንገድ ላይ አጎንብሶታል፤ ፈረሶቹ በጭቃው እስከ ጉልበታቸው ይሰምጣሉ። ያሳደሩን ባላገር አያ ደርሰህ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አቀረቡልን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም፤ ርቦኝ ስለነበር ይሆናል።

“የእኛ ቤት አይፈራም” አሉ አያ ደርሰህ። “ደማችን መራራ ነው፤ በሽታ አይደፍረውም።”

አቶ መኩሪያ ነገሩን አልናቁትም። የደም ዓይነት መለያ መድኃኒት በትንንሽ ጠርሙስ ይዘው ነበርና፣ በጠና የታመመውንም ቀለል ያለለትንም ጣቱን እየወጋን ደሙን በመስታወት ላይ እናንጠባጥብ ጀመር። ስሙንና የደሙን ዓይነት በመዝገብ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሴቶቹ ለአቶ መኩሪያ የሚያፍሩትን ለእኔ በአገውኛ ሹክ ይሉኛል። “ካረገዝኩ አምስት ወር ሆኖኛል” ትላለች አንዷ፤ “ልወልድ ነው” ትላለች ሌላዋ። ማንም ሳያዘኝ በመዝገቡ ኅዳግ “ነፍሰ ጡር” እያልኩ ጻፍኩ።

በአራተኛው ቀን ሕመም የጠናባቸውን ሴቶች ለይቼ አየሁ። የደማቸው ዓይነት ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ ኅዳጉ ላይ ግን ያው አንድ ቃል ይደጋገማል። ከመካከላቸው ሁለቱን ቀብረናል።

“ጌታዬ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱት” አልኩና መዝገቡን ዘረጋሁላቸው።

ገጾቹን ገለጡ፣ መልሰው ገለጡ። “ማን ጻፊ አለሽ?”

“ማንም።”

“ይህ በሽታ በነፍሰ ጡር እንደሚጨክን በመጽሐፍ አንብቤ ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “እርጉዝ መሆናቸውን ግን እዚህ ለእኔ ማን ይነግረኛል?” ወዲያው፣ በሽታው በውኃ ይተላለፋልና፣ ደረቅ እንጨት ለሁሉም ሰው ባይበቃ እንኳ ነፍሰ ጡር ሁሉ የወንዙን ውኃ ሳታፈላ እንዳትጠጣ አዘዙ።

የአያ ደርሰህ ምራት ትርንጎ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዓይኗ ገና ነጭ ነው። አማቷ ግን እምቢ አሉ። “እንጨቱ ርጥብ ነው። ደግሞ ደማችን…”

በአገውኛ አቋረጥኳቸው፤ ትልቅ ሰው ማቋረጥ ነውር መሆኑን እያወቅሁ። “አያ፣ መራራው ደም የእርስዎ ነው። ትርንጎ የሰው ልጅ ናት፤ ከሌላ ቤት ነው ያመጧት። ስለ እሷም ደም ይምሉልኛል?”

አያ ደርሰህ ተነሡና ከጣሪያቸው ሥር ለአጥር ያስቀመጡትን ደረቅ ቀርከሃ አውርደው እሳት አነደዱ። ጎረቤቱም አያቸውና ተከተለ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆየን፤ ሌላ ነፍሰ ጡር አልቀበርንም። ትርንጎ በጥቅምት ሴት ልጅ መውለዷን ዳንግላ ሆኜ ሰማሁ።

አቶ መኩሪያ ሪፖርታቸውን ሲጨርሱ ጠርተው አስነበቡኝ። ከፊርማቸው በላይ “ይህን ያስተዋለችው ድሬሰሯ ናት” ብለው ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ጽፈውታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን እንባዬ ከለከለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሰው አክሜአለሁ። በዚያ ነሐሴ ግን በእጄ መድኃኒት አልነበረም፤ የነበረኝ የእናቴ ቋንቋና እርሳስ ነው። ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ ንስሐ አባቴ። ሌላውን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይህችን አንዷን ግን እስከ ዛሬ ለራሴ አስቀርቻታለሁ።