ከኔስታ ወንበር ሥር

ኔስታ ሌጉሃቪ ስትሳደብ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ የሆኒያራ ወደብ ሰው የሚፈራትም ለዚሁ ነው። የሚጮህ ሰው ይደክመዋል፣ እሷ ግን ደክማ አታውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመርከብ ድርጅቱ የቲኬት መስኮት ተቀምጣ፣ ቢልናት የሚሉትን የሚታኘክ ፍሬ ከኖራ ጋር ጉንጯ ውስጥ ወትፋ፣ አፏ በፍሬው ቀልቶ፣ ወረፋ የሚዘለውን፣ አሳማውን "ሻንጣ ነው" ብሎ ሊያሳፍር የሚሞክረውን ሁሉ በለስላሳ አንደበት ልክ ልኩን ስትነግረው ኖራለች። ባሏን ከቀበረች ስምንት ዓመቷ ነው። ልጆቿ ኢሳቤል ደሴት ላይ ወልደው ከብደዋል፤ "ነይ" ይሏታል፣ እሷ ደግሞ "መጥቼ የማንን ድስት ልጠብቅ?" ትላቸዋለች። የቀረቻት ይህች መስኮት ናት። ዘንድሮ እሷኑ ሊነጥቋት ተነሱ።

የነገሩ መነሻ ዩፒኤሱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው፣ እንደ ድንጋይ የከበደው ጥቁር ባትሪ። ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ተቀምጧል። የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ታትሞ የወደቡ ሹም እጅ ካልገባ መርከብ ገመዱን አይፈታም። ዝርዝሩ ያለው ኔስታ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። የሆኒያራ መብራት ደግሞ መቼ እንደሚሄድ ለማንም አይናገርም። ዩፒኤሱን የተከለው ልጅ፣ አሁን አውስትራሊያ ቲማቲም ሊለቅም የሄደው፣ ያኔ እንዲህ ብሏት ነበር፦ "ማዘር፣ መብራት ሲሄድ ይሄ ነገር ይጮሃል። አንቺ ምንም እንዳትነኪ። እሱ በሽቦ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ዝርዝሩን አስቀምጦ ራሱ ይዘጋል።"

አንድ ዓመት ተኩል እንዳለው ሆነ። ከገና ወዲህ ግን ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ ኔስታ እንደታዘዘችው እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ ሰባት ደቂቃ ያህል ይቆይና ባትሪው ሲያልቅ ሁሉም ድርግም ይላል። መብራት ሲመለስ ዝርዝሩ ተበላሽቶ አይከፈትም። ሁለት መቶ ሰው ስሙን እንደገና ሊያስመዘግብ ፀሐይ ላይ ሲሰለፍ የሚያወርደውን ስድብ አስቡት። አንዴ አንዱ ግማሽ የተበላ ኮኮናት ወርውሮ የመስኮቱን ፍርግርግ አጣመመው። ኔስታ ኮኮናቱን አንስታ "እራትህን ረሳህ፣ የኔ ልጅ" ብላ መለሰችለት።

ሥራ አስኪያጁ ሴልዊን ኮዶ ሦስት ጊዜ ጠጋኝ ጠራ። ሦስቱንም ጊዜ የመጣው ፌስተስ ማኤላሎ ነው፤ የማላይታ ደሴት ሰው፣ ሱሪው የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የማይለየው፣ ሲናገር ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ። ኔስታን ከወንበሯ ያስነሳታል፣ እሱ ግን ወንበሯ ላይ አይቀመጥም፤ ከጎን ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ "ባትሪው አልተገኘም" ይለዋል። ፕሮግራሙን ያጠፋዋል፣ እንደገና ይጭነዋል። ኮምፒውተሩ አሁንም "አልተገኘም" ይላል።

"ሽቦው ተሰክቷል?" ይላታል፣ ጣሪያውን እያየ።

ኔስታ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቀጭኗ ሽቦ ዩፒኤሱ ላይ እንደተሰካች ትታያለች፣ ወዲያኛው ጫፏ ወደ ጨለማው ይገባል። "ተሰክቷል። ዓይን የለህም እንዴ?"

እሱም ሪፖርቱን ይጽፋል፦ ግንኙነቶች በሙሉ ተፈትሸዋል፤ ተጠቃሚዋ መሣሪያውን ሳትነካካ አልቀረችም። ሴልዊንም ያምነዋል፤ ከሰው ይልቅ ወረቀት ማመን ይቀለዋል። "እትዬ ኔስታ፣ ምንም እንዳትነኪ አልተባልሽም?" ይላታል። ይህ ሰው ጫማ የሌለው ወጣት ሆኖ በዚሁ ወደብ ካርቶን ሲሸከም ውኃ የምታጠጣው እሷ ነበረች። በመጨረሻ "አራተኛ ጊዜ ከተደገመ ስንብት ነው" አላት።

ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ፌስተስ ሲወጣ ኔስታ የሱሪውን ጉልበት አየችው። ንጹሕ ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር ያለው አቧራ፣ የጫማ ጭቃና የቢልናት ልጣጭ የመሬት ቆዳ ሆኖ ደርቋል፤ ጠረጴዛው ደግሞ ከግድግዳው ጋር በሚስማር የተመታ ስለሆነ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው በዳበሳ ካልሆነ ወይም ተንበርክከው ካልገቡ በቀር ወደ ኋላ መድረሻ የለም። "ሁሉን ፈትሻለሁ" ያለ ሰው ጉልበቱ እንዴት ይነጣል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች በሆዷ።

አራተኛው ጥፋት የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የኢሳቤል መርከብ ቀትር ላይ ልትነሳ፣ መብራት ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ፣ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ዝርዝሩ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ ፌስተስ ተጠራ። ከመድረሱ በፊት ኔስታ ከወንበሯ ሳትነሳ ወደ ታች ተንሸራተተች፣ የታመመ ጉልበቷን እየረገመች ክንዷን አርዝማ የኖራ ቆርቆሮዋን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ሽቦዎቹ መሐል አስቀመጠችው። እዚያ እጁን የሚሰድ ሁሉ ቆርቆሮውን ሳያነሳ ሽቦ ሊነካ አይችልም። ፌስተስ መጣ፣ ጣሪያ አየ፣ ጻፈ። ሴልዊን ሪፖርቱን በአንድ እጁ፣ የስንብቱን ደብዳቤ በሌላው ይዞ ገባ።

"ፈርሚ፣ እትዬ ኔስታ። ነገር አናብዛ።"

"እፈርማለሁ። መጀመሪያ ይሄን ሰውዬ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ምን አገኘ?"

ፌስተስ "ሽቦ ነዋ!" አለ። "ምን ይገኛል?"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም የለም። እያንዳንዱን በእጄ ነክቻለሁ።"

"የኖራ ቆርቆሮዬ እዚያ ነው ያለው" አለች ኔስታ፣ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አድርጋ። "እሱ ከመምጣቱ በፊት አስቀመጥኩት። በእጁ ከነካማ ያምጣልኝ፤ ማኘኪያ አጥቻለሁ።"

ፌስተስ ፊቱ ተለዋወጠ። ወረፋው ግማሽ ጭንቅላቱን በፍርግርጉ አስገብቶ እየሰማ ነው። ሴልዊን ጎንበስ ብሎ በሞባይሉ መብራት አየ፤ ቆርቆሮው ከሩቁ አብረቀረቀ።

"አራት ጊዜ 'ተፈትሿል' ብለህ ጽፈሃል" አለው። "አንድ ቀን እንኳ ከሥር አልገባህም?"

በፌስተስ ፈንታ ከወረፋው አንድ ሽማግሌ መለሱ። "የማላይታ ወንድ ሴት የምትቀመጥበት ሥር ራሱን አያስገባም። ይሄ ምኑ ይጠየቃል?"

"አሁንም እዚያው ናችሁ?" አለች ከኋላቸው የቆመች ኮረዳ። "እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱት ለምንድን ነው?"

"ዝም በይ አንቺ! አባትሽ ቢሰማሽ!"

"አባቴ ራሱ የመኪና ጠጋኝ ነው፣ የሴት መኪና ሥር ይገባል!"

ሳቅና ስድብ ተደበላለቀ። ኔስታ ግን አልሳቀችም። ፌስተስን ብቻ ነው የምታየው። እሷ አገር ኢሳቤል መሬቱም ቤቱም የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር በወሬ ነው የምታውቀው።

"ታዲያ አፍ የለህም?" አለችው። "አንድ ቀን 'እኔ አልገባም፣ አንቺ ግቢ' ብትለኝ እገባ አልነበር? ለአንድ ቃል ብለህ በአራት መርከብ ሰው አሰደብከኝ!"

"ለሴት ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም" አለ ፌስተስ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያውን ትቶ። "ነውር ነው። ደግሞ ጠይቄሻለሁ። 'ተሰክቷል' አልሽኝ።"

"የራሱን ውሸት ለኔ ያሸክመኛል እንጂ!"

ሴልዊን ሌላ ሰው ልጥራ ሲል ከለከለችው። "ወንበሩ የኔ ነው። እኔው እገባለሁ።" ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች፣ ጉልበቷ ጮኸ፣ አምሳ ሰባት ዓመቷንና ሙሉ ክብደቷን ይዛ በአራት እግሯ ገባች። ፌስተስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከሥር ሲታይ ነገሩ ቀላል ነበር። ቆርቆሮዋን አነሳች። ከዩፒኤሱ የወጣችውን ቀጭን ሽቦ በጣቷ ተከተለቻት። ሽቦዋ ኮምፒውተሩ ጋ አልደረሰችም፤ ጫፏ አቧራ ውስጥ ተጥሏል። ሽቦዋ ልትሰካበት በሚገባው ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ነጭ ገመድ ተሰክቷል፣ ገመዱም በጠረጴዛው ቀዳዳ በኩል ሽቅብ ይወጣል።

ነጩ ገመድ የራሷ የሞባይል ቻርጀር ነው።

ኔስታ እዚያው እንደተንበረከከች ገመዱን ጨብጣ ያዘች። የገና ሰሞን ልጆቿ ቀኑን ሙሉ ይደውሉ ነበር፣ ስልኳም ይሞትባት ነበር። ከወንበሯ ሳትነሳ ክንዷን ወደ ኋላ ሰዳ በዳበሳ አራቱንም ቀዳዳ ሞከረች። አንዱን ነቀለች፣ የመጻፊያ ሰሌዳው ቀጥ አለ፤ መለሰችው። ሌላ ነቀለች፣ ምንም የቆመ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ እየሠራ ነው። "እንግዲያው ይሄ የማይረባ ነው" ብላ ስልኳን ሰካችበት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላሰበችውም። አሁን ነው የገባት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሷ ናት።

የሚያያት የለም። ገመዷን ስትነቅል ከላይ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ የተቋረጠባት ሞባይሏ "ትን" አለች። ቀጭኗን ሽቦ አቧራዋን ጠርጋ ስትሰካት ኮምፒውተሩ ሌላ ድምፅ አሰማ።

"መጣ!" ብሎ ጮኸ ሴልዊን። "ባትሪውን አገኘው! መቶ በመቶ ይላል!"

ስትወጣ ደብዳቤው ለሁለት ተቀዷል። ሴልዊን አፍሮ "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ፣ በአንድ ቀጣፊ ምክንያት" እያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ የፌስተስን አለቃ እየጠራ ነው። ወረፋው ያጨበጭባል። ኔስታ አሸንፋለች።

ፌስተስ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር። "ትን" ያለችውን ሞባይል አየ። ከሞባይሏ ወጥቶ በጠረጴዛው ቀዳዳ ወደ ሥር የሚወርደውን ነጭ ገመድ አየ። ከዚያ ኔስታን አየ። እንጀራውን በስልክ ሲነጥቁት እየሰማ፣ እሷን የሚያጠፋት ቃል አፉ ላይ እያለ፣ ቦርሳውን ዘጋ። ያዘነላት መስሏት አልተታለለችም። ንቋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የምትቀመጠው ይህ ሰውዬ አፉን ስለዘጋላት ነው፤ እሱም ያንን ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

"ተናገር እንጂ!" አለችው። ዕድሜ ልኳን ያላነሳችውን ድምፅ ያን ጊዜ አነሳችው። "ዛሬም ነውር ሆነብህ?"

"እኔ ምንም አላየሁም" አለ ፌስተስ። "ከሥር አልገባሁም።"

"ያንተን ዝምታ ለብሼ አልኖርም! ሴልዊን፣ ስልኩን አስቀምጥ። ሽቦውን የነቀልኩት እኔ ነኝ። በገና። ለሞባይሌ ብዬ።"

ጭብጨባው ቆመ። ሴልዊን የተቀደደውን ወረቀት፣ ከዚያም እሷን አየ።

"አንቺ ነሽ? አራቱንም ጊዜ?"

"አንዴ ነቀልኩት፣ አራት ጊዜ ጠፋ። ሽቦው ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።"

"አራት ጊዜ የወደቡ ሹም እግር ላይ ወድቄያለሁ!" አለ ሴልዊን። "ፌስተስ፣ ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይህ። አንቺም ይሄን መርከብ ሸኚና ሂጂ።"

ፌስተስ ወጣ፤ ርቆ ግን አልሄደም፣ የበሩ ጥላ ላይ ቆመ። ኔስታ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ወረፋውን እንደ አዲስ ጻፈች። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አላጽናናትም። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስም ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ። ኔስታ እጇን አጣጠፈች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን አስቀምጦ በሥርዓቱ ተዘጋ። በሩ ጋ ፌስተስ አንዴ ራሱን ነቀነቀና ቦርሳውን አንግቦ ሄደ።

መብራት ሲመለስ ዝርዝሩን ከፈተችው። አንድ ስም አልጎደለም። ከሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ ኔስታ ሌጉሃቪ፣ ሴት፣ 57፣ ወደ ቡአላ፣ ኢሳቤል። አትማ ለሴልዊን ሰጠችው። ከዚያ ነጩን ገመድ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ በጓሮ በር ዞራ ወረፋው መጨረሻ ላይ ቆመች።