በሎረን ካርታ ላይ ያልተሞሉት ሁለት ግዛቶች

ቨርሊን ስተትዝማን በታላቅ ወንድሙ በሎረን መቅናት የጀመረው መቼ ነው? ሚስቱ ማርሊስ ጠይቃው ታውቃለች፤ እሱም ራሱን ጠይቆ ያውቃል። መልስ ግን የለውም። ልጆች ሳሉ አጎታቸው ሎረንን ብቻ ይዞ ወደ ምዕራብ ተራሮች የሄደ ጊዜ ይሆን? ያኔ ቨርሊን ኩፍኝ ይዞት ተኝቶ ነበር። ሆኖም እናታቸው እንደምትለው፣ ከዚያ በፊትም ገና ዳዴ ሲል የሎረንን ማንኪያ ካልሰጣችሁኝ ብሎ ያለቅስ ነበር። የራሱ ማንኪያ በእጁ እያለ።

የሚኖሩት ኢንዲያና ውስጥ፣ ኤልክሃርት ነው። የዚያ አገር ሰው እንጀራው ተሳቢ ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው፣ ከፒክአፕ ኋላ ታስሮ የሚጎተት ቤት። ቨርሊን ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ የነዚህን ቤቶች የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሲገጥም ኖሯል። ሎረን ደግሞ ያለቀላቸውን ቤቶች ይሸጣል። የቨርሊን ቁም ሳጥኖች ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ ዞረዋል፤ እሱ ግን በአንዳቸውም ውስጥ አድሮ አያውቅም ነበር።

ሎረን በየዓመቱ ይሄዳል። ሲመለስም የሚያሳየው ነገር አለው። ተሳቢ ቤት ያለው ሰው ከውጭ በኩል በሩ አጠገብ ባዶ የአሜሪካ ካርታ ይለጥፍና የሄደበትን ግዛት አንድ በአንድ በቀለም ተለጣፊ ይሞላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ካላደሩበት አይለጠፍም። አቋርጦ ማለፍ፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ምሳ መብላት አይቆጠርም። በዚህ የሚያጭበረብር ሰው በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ሳይቀር ይታማል። ቨርሊን ወንድሙ ቤት በሄደ ቁጥር ከሰላምታው በፊት ዓይኑ ካርታው ላይ ያርፋል። አዲስ ቀለም ካየ የዚያን ቀን እራት አይወርድለትም።

«አንተ እኮ እንደ ግንበኛ ነህ፤» ይለዋል ሎረን ሰው ፊት፣ ትከሻውን መታ እያደረገ። «የሰው ቤት ስትሠራ ትውልና ደጅ ታድራለህ!»

ሰው ይስቃል። ቨርሊንም አብሮ ይስቃል።

አንድ ልጁ ኬንድራ ትምህርት ቤት የጨረሰች ዓመት፣ ቨርሊን አሮጌ ተሳቢ ቤት ገዛ፤ በሩ አጠገብም ባዶ ካርታ ለጠፈ። ልጅቷ መስከረም ላይ ነርስነት ልትማር ርቃ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ አንድ ላይ መንገድ መውጣታቸው ያጠራጥራል። ፋብሪካው በሐምሌ ለእረፍት ሲዘጋ ወዴት እንሂድ ብለው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

«እኔ ውሃ ዳር ቁጭ ማለት ነው የምፈልገው፤» አለች ማርሊስ። «ማንም ‹ምሳ ምንድን ነው?› የማይለኝ ቦታ።»

«የሎስቶን ፓርክ!» አለች ኬንድራ። «ውሃውም አለ እማዬ፣ ከመሬት እየፈላ የሚወጣ። ጎሾቹም አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምመኘው። ቦታ እንኳ አስይዣለሁ፤ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ማደሪያ አያገኝም።»

«አንተስ ቨርሊን?»

«እናንተ ያላችሁት።»

ልቡም እንደ አፉ ነበር፤ ሎረን የፒክአፑን ጎማ ላይልህ ብሎ እስከመጣባት ቀን ድረስ።

«የሎስቶን? ጥሩ ነው፤» አለ ሎረን ጎማውን በእግሩ እየመታ። «እኛ ሦስቴ ሄደናል።»

ሦስቴ! ቨርሊን ወደ ወንድሙ ዞረ። «ሰሜን ዳኮታና ነብራስካ ግን ይቀሩሃል። ካርታህ ላይ ነጭ ናቸው።»

«እነሱን ለጡረታዬ ነው የተውኳቸው። ሜዳ ለማየት ማን ይቀድመኛል ብለህ ነው?»

እሱ ጎማ ማየቱን ቀጠለ። ቨርሊን ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መንገዱን በልቡ አጣመመው።

መጀመሪያ ዊስኮንሲን አደሩ፣ ቀጥሎ ሚኔሶታ። በሦስተኛው ቀን ወደ ምዕራብ ሊታጠፍ ሲገባው ወደ ሰሜን ነዳ። «መንገዱ በዚህ ይሻላል» አለ። ሲመሽም የሰሜን ዳኮታ ድንበር ምልክት እንዳለፈ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመ። ማርሊስ ወንበሯን አውጥታ ከጋሪዎቹ ጎን ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ አስፋልት ብቻ ነው።

ሌሊት ቨርሊንን እንቅልፍ አልወሰደውም። ከኢንዲያና ከወጣ ጀምሮ በወጉ አልተኛም፤ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሎረን ካርታ ይመጣበታል። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ ሰሜን ዳኮታን ለጠፈና ራቅ ብሎ አየው። ደስ አለው። ደስታው ቁርስ እስኪቀርብ ቆየ። ነብራስካ ትዝ አለችው።

«አባዬ፣ የሎስቶን መቼ ነው?» አለች ኬንድራ።

«ነገ።»

ከዚያ ደቡብ ዳኮታ አደሩ። እዚያም «ነገ» አለ። በማግስቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ነድቶ ነብራስካ ገባ፤ እንደገናም መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመ። ኬንድራ ስልኳን አይታ ገልብጣ አስቀመጠችው። ቨርሊን ዞር አለ።

«ምነው?»

«ያስያዝኩት ቦታ ትናንት አለፈ።»

«ሌላ ቦታ እናገኛለን።»

«አናገኝም አባዬ! ነግሬህ ነበር እኮ!»

ማርሊስ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች። «ሰኞ ሥራ ትገባለህ። መቼ ደርሰን መቼ ልንመለስ ነው? ቨርሊን፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ነብራስካ ምን አለን?»

ማርሊስ ካርታው ወዳለበት ወደ በሩ ጎን አየች፤ ገባት።

«አይ አንተ ሰው! ልጅህን ይዘህ የወጣኸው ለዚህ ነው?»

ኬንድራ አልጮኸችም። ጫማዋን እያወለቀች፣ ለራሷ እንደምትናገር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አጎቴ ሎረን ቢሆን ወስዶኝ ነበር» አለች።

ቨርሊን በሕይወቱ ብዙ ነገር በሎረን ተነጥቋል፤ የአባታቸውን ሳቅ፣ የአጎታቸውን ጉዞ፣ የሰውን ጆሮ። ልጁን ግን አንድም ቀን ከነዚያ ጋር ቆጥሯት አያውቅም። ወጥቶ ከተሳቢው ጎን ቆመ። ነጯን ነብራስካን ነካት፤ ነገ ጠዋት ቀለም ታገኛለች። ከዚያ ሎረን የሌለው ሁሉ ይኖረዋል፤ ልጁ ደግሞ የሎረን ትሆናለች። ወደ ውስጥ ተመልሶ «ልበሱ» አለ። «አሁኑኑ እንነሳለን።»

«ሥራህስ?» አለች ማርሊስ።

«ደሞዜን ይቁረጡ።»

ነብራስካ ሳያድርባት ቀረች። እየነዳ አነጋ፤ ማርሊስ አጠገቡ ተቀምጣ እንዳያሸልበው ታወራዋለች፤ ስትናደድ ወሬ አያልቅባትም ነበር። ሲደርሱ የፓርኩ በር ላይ ያለችው ጠባቂ ማደሪያ ሁሉ መሙላቱን፣ ማታ በምዕራብ በኩል ወጥተው ሞንታና ማደር እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ፓርኩ ያለባት ዋዮሚንግም እንግዲህ ነጭ ልትቀር ነው። ቨርሊን ይህን አሰበ፤ ማሰቡንም ጠላው።

ፓርኩ ውስጥ አንድ ወንዝ ዳር ሲደርሱ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ጎሾቹ አስፋልቱን ሞልተው፣ ጥጆቻቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ ለማንም ሳይቸኩሉ ይሻገራሉ።

«አባዬ! አባዬ እየው ያንን! ጭንቅላቱን እየው!» ኬንድራ በመስኮቱ ግማሽ ወጥታ የአባቷን ክንድ ጨብጣለች።

ቨርሊን ሞተሩን አጠፋ። ሎረን እዚህ በመጣ ጊዜ ስንት አይቶ ነበር? እንዲህ ቀርበውት ነበር? ልጆቹስ ክንዱን ይዘውት ነበር? ኬንድራን «አጎትሽ ስለዚህ ምን ብሎሽ ነበር?» ሊላት ከንፈሩ ድረስ መጣና ዋጠው። ማርሊስ ውሃውን እያየች ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘርግታለች።

አንዱ ኮርማ ከመንገዱ መሃል ተኛ፤ የሚያስነሳው ጠፋ። ኬንድራ ሳቀችና አባቷን ልታሳየው ዞረች። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ነበር። ኮርማው ተነስቶ መንገዱ ሲከፈት ከኋላ ጥሩምባ ጮኸ፤ ማርሊስ በእጇ እለፉ እለፉ እያለች መኪኖቹን አሳለፈች እንጂ አልቀሰቀሰችውም።

ቨርሊን በመጨረሻ በወጉ የተኛው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር።