የወንድሜ ድምፅ ያለበት ፍላሽ

ጀሚ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት በተመለስኩበት ባጃጅ ውስጥ ድምፅህን ሰማሁ።

ሱቅህ ውስጥ ለሾፌሮች ፍላሽ ላይ ዘፈን ስትጭን መጀመሪያው ላይ የምታስገባት "ጀማል ነኝ፣ መልካም መንገድ!" ነች።

ባለባጃጁን "ይቺን ድምፅ ኮፒ ላድርጋት?" አልኩት።

"ኮፒ ማድረግ ወንጀል ነው ሲሉ አልሰማህም?" ብሎ ቀለደ።

"ወንድሜ ነው። ሞቷል።"

ባጃጁን ዳር አስይዞ ፍላሹን ነቅሎ ሰጠኝ። "በል እንግዲህ፣ አብረን እንታሰራለን።"

ዘፋኞቹን አስፈቅደህ እንዳልጫንክ አውቃለሁ። ቢከሱህ እውነት አላቸው፤ ግን ያለዚያ ኮፒ ዛሬ አልሰማህም ነበር።

አዳማ፣ መቂ፣ ባቱ ያላችሁ ሾፌሮች፣ እሱ የጫነላችሁ ፍላሽ ካለ ድምፁን ላኩልኝ። የሞተባችሁን ሰው ድምፅ ሳታስቡት የሰማችሁስ አላችሁ?

ጀሚ፣ ከቀበርንህ ማግስት ጠዋት ብቻዬን ሱቅህን ከፍቼ፣ ይቺን ድምፅህን ፍለጋ ኮምፒውተርህን ለማስነሳት ሞከርኩ። እምቢ ሲለኝ በሩን ከውስጥ ዘግቼ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ።