ሌንጮ የጠራው ሞትን አይደለም

ዛሬ ጠዋት ውሻዬ ሌንጮ ከቤት ሊባረር ነበር። ጥፋቱ? ሰሞኑን በየማለዳው ማላዘኑ።

የባጃጅ ሾፌሩ ጎረቤታችን ገመቹ በራችን ላይ ባጃጁን አቁሞ፣ "አካኮ፣ ውሻ ሲያላዝን ሰው ይሞታል። ለእርስዎ ፈርቼ ነው እኮ!" አለኝ።

አካኮ ማለት አያት ነው፤ በሰፈሩ ትልቁ ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ተረኛው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ልጄም ደንግጣ "አባዬ፣ ጊንጪ ላሉት ዘመዶቻችን እንስጠው" አለች።

እኔ ግን የሌንጮን ቋንቋ አውቃለሁ። እንግዳ ሲያይ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ይጮኻል። ሲርበው ያለቃቅሳል፤ በዚህስ እኔን ይመስላል። የሚያላዝነው ግን ረጅም ድምፅ ሲሰማ ነው።

"ገመቹ፣ እስቲ ያንን አዲሱን ክላክስህን ረዘም አድርገህ ንካው" አልኩት።

ነካው። ሌንጮ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ "ኡውውውው!" አለ።

ደገመው። "ኡውውውው!"

ልጄ በሳቅ ፈረሰች። እኔም፣ "አየህ? ሞትን አልጠራም፤ ላንተ ባጃጅ ነው በየማለዳው አቤት የሚለው!" አልኩት።

ገመቹ አንገቱን ደፍቶ ክላክሱን ሊያስቀይር ሄደ። ሌንጮ ቤቱ ቀረ፣ እኔም በሕይወት አለሁ!

የእናንተስ ውሻ ምን ሲሰማ ያላዝናል? ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አንብቤ ሳልጨርስ አልሞትም።