አባቴ የተሸከመው ድንጋይ

ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ የታመመውን አባቴን ሊጠይቁ መጥተው የግቢያችንን በር ሲገፉ፣ በሩን የምናስደግፍበት ድንጋይ ሲሚንቶው ላይ ተፋቀ። ያ ድምፅ ወደ ስምንት ዓመቴ መለሰኝ።

እሁድ ጠዋት ነበር፤ እዚሁ ኮልፌ፣ እዚሁ ግቢ። ጋሽ ታደሰና ሁለት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ አንድ ዓይኗ አብጦ ጥግ ቆማለች። ዝንብ እንኳ የማይነካው አባቴ ይህንኑ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ አጎንብሷል።

"ጅብ ልጄን ሊወስድብኝ ሲል መታሁት" አለ። "ስነቃ ለካ የመታሁት እሷን ነው።"

"እውነቱን ነው፤ ተኝቶ ነበር" አለች እናቴ።

ጋሽ ታደሰ "አንቺ ደግሞ አትሸፍኚለት! ሰው ተኝቶ ይማታል?" ብለው ጮኹ።

አባቴ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ስለ የትኛው ጅብ እንደሚያወራ አልገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጁን ፈራሁት።

ባለፈው ሳምንት የነርቭ ሐኪሙ የሚንቀጠቀጠውን ያንን እጅ ይዞ "ድሮ በእንቅልፋቸው ይጮኹ፣ ይማቱ ነበር?" አለኝ። ለካ በሽታ ነው። ሕልም ስናይ ሰውነታችን መላወስ የለበትም፤ የአባቴ ግን በሕልሙ ያየውን ይታገላል። አሁን የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ሊጀምር ይችላል አለ። እናቴ ያኔ እውነቷን ነበር።

ዛሬ ጋሽ ታደሰ አባቴን አይተው ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና "ይሄ በሽታ የእናትሽ እንባ ነው" አሉኝ።

ድንጋዩን አንስቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ አባቴ ያኔ ተኝቶ ነበር። እርስዎ ግን ነቅተው ነበር። ይሸከሙት።"